ወደ ሞጣ ያዘነበለው ክር

ይህ የሆነ ነገር ነው።

ልታምኑም ላታምኑም ትችላላችሁ... እኔ እየማልኩ የማሳምንበት አቅም የለኝም፤ ደክሞኛል። ያየሁትን እንዳየሁት፣ ስርጉት የነገረችኝን እንደነገረችኝ አስቀምጥላችኋለሁ።

በሌሊት የሆነ አይደለም። ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ነው። የየካቲት ፀሐይ ቆርቆሮውን እያጋለ፣ ውጭ ባጃጆች ጥሩምባ እየነፉ... ቢቸና፣ ከእህል በረንዳው ጀርባ ባለች አንዲት ክፍል ቤት ውስጥ።

አምላኩ እባላለሁ። በአንዲት ትንሽ ክሊኒክ የላብራቶሪ ባለሙያ ነኝ። ዕድሜዬን ሙሉ የሰው ደምና ሽንት በማይክሮስኮፕ ሳይ ነው የኖርኩት። ይህን የምላችሁ ለጉራ አይደለም፤ "ያልለመደ ሰው ነው፣ ዓይኑን ሸውዶት ነው" እንዳትሉኝ ነው።

ታሪኩ ግን የስርጉት ነው።

ስርጉት የሰፈሬ ልጅ ናት። ዩኒቨርሲቲ ፊዚክስ እያስተማረች ለዶክትሬቷ ስትማር፣ እናቷ እትዬ ይርጋነሽ አልጋ ያዙ። ወንድም የላት፣ እህት የላት። ማን ያስታምም? ጥናቷን በሻንጣ ይዛ ቢቸና ገባች።

"ምንድን ነው የምታጠኚው?" አልኳት አንድ ቀን።

"ዲኤንኤ እጎትታለሁ፣ ጋሼ።"

"ምን?"

"እጎትተውና ስንት ጉልበት እንደሚችል እለካለሁ።"

"በይ እንግዲህ! ጎጃም ውስጥ የሚጎተት በሬ ጠፍቶ ነው?" ብዬ ሳቅሁባት። እሷም ሳቀች። ያኔ ገና ትስቅ ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። በደማችን ውስጥ ያለው ዲኤንኤ ቀጭን ክር ነው፣ ዓይን አያየውም። የክሩን አንድ ጫፍ መስታወት ላይ ታጣብቃለች። በሌላው ጫፍ ማግኔት የሚስባት፣ ከአቧራ ያነሰች ኳስ ታስራለች። ከዚያ ማግኔት ስታቀርብ ኳሷ ትሳባለች፣ ክሩም ይወጠራል።

ክሩ አይታይም። የሚታየው ኳሷ ናት። ኳሷ ደግሞ በሁለት ስስ መስታወት መሀል ባለ ውሃ ውስጥ ስለሆነች ዝም አትልም፣ ትርገበገባለች። በጣም ከተርገበገበች ክሩ ላልቷል ማለት ነው። ጸጥ ካለች... የሚስባት ጉልበት በርትቷል ማለት ነው።

ይቺን ብቻ ያዙልኝ። የቀረውን እኔም በደንብ አላውቀው።

በዚያ ክር ላይ የሚሠሩ "ሞተር" የሚሏቸው ነገሮችም አሉ። በእያንዳንዳችን ገላ ውስጥ ቀን ከሌት እንደ ወዛደር ክሩን ሲጎትቱ ይኖራሉ፤ ምግብ ካጡ ይቆማሉ። የስርጉት ጥናት የእነዚህን ወዛደሮች ጉልበት መለካት ነበር።

ለዚህ የሚሆነው ዘመናዊ መሣሪያ እኛ ጋ የለም። የቸገረው እርጉዝ ያገባል ይባል የለ? ማይክሮስኮፑን እኔ አዋስኳት፣ ክሊኒኩ የጣለውን አሮጌ። ማግኔቱን ከተበላሸ ስፒከር ፈታች። ካሜራው ስልኳ ነው። ባጃጅ ባለፈ ቁጥር ጠረጴዛው እንዳይንቀጠቀጥ እግሮቹን አሸዋ የሞላ ጣሳ ውስጥ ተከለቻቸው። ይህ ሁሉ የሆነው ከእናቷ አልጋ አጠገብ ነው፤ ሌላ ክፍል የላቸውም።

ከዚያ መብራት ሄዶ ሰነበተ። በክሊኒኩ ማቀዝቀዣ ያስቀመጠችው ሁሉ ተበላሸ። የተገዛው ዲኤንኤ... ሞተሩም።

ስርጉት ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ አለቀሰች። እትዬ ይርጋነሽ ከአልጋቸው ሆነው ሰሟት።

"ምን ጠፋብሽ?"

"ክር ነው፣ እማዬ። ከደም የሚወጣ።"

"ታዲያ እኔ ደም የለኝም? ከዚህ ሁሉ መርፌ የተረፈ ጥቂት አይጠፋም። ቅጂና ውሰጂ።"

እኔው ነኝ የቀዳሁት። እትዬ ይርጋነሽ ክንዳቸውን ሰጥተውኝ ፈገግ አሉ። "ከተኛሁ ወዲህ ዛሬ ገና ለሥራ ሆንኩ" አሉኝ።

ከዚያም ደሙ ውስጥ ያለውን ክር አውጥታ፣ መስታወቱ ላይ ተክላ፣ ኳሶቹን አሰረችበት። ሠራላት። ሌላ ሞተር እስኪላክላት ትጠብቅ ጀመር።

እትዬ ይርጋነሽ ግን እየባሰባቸው ሄደ። ማስታመም ያላየው ሰው አያውቀውም... ማገላበጥ፣ ማጠብ፣ በማንኪያ ውሃ መስጠት፣ ሲያቃስቱ አብሮ መንቃት። ስርጉት ቆማ ታንቀላፋ ነበር። እሳቸውም ደክሟቸዋል። አንድ ከሰዓት እጇን ይዘው እንዲህ አሏት።

"ስሞት ሞጣ ውሰጂኝ። ከአባቶቼ ደብር። እኔ ማረፍ ብቻ ነው የምፈልገው፣ ልጄ... ሌላ ምንም አልጠይቅሽም።"

"እሺ እማዬ።"

"ማይልኝ።"

ማለች።

ጥር እንደገባ አረፉ።

የገነዟቸው እማሆይ ወለተ ሐና ናቸው። በእኛ አካባቢ ያሉ ትልልቅ ሰዎች አንድ ነገር ይጠይቃሉ። ከሰው ገላ የተለየ ነገር፣ የወለቀ ጥርስም ይሁን የተቆረጠ ጥፍር፣ ከባለቤቱ ጋር ይሄዳል እንጂ እቤት አይቀርም ይላሉ። እማሆይም ጨርቁን ከመጠቅለላቸው በፊት ቀና ብለው ጠየቋት።

"ከገላዋ የተለየ፣ እዚህ የቀረ ነገር አለ?"

ስርጉት ቤቱን ዞር ዞር ብላ አየች።

"የለም፣ እማሆይ።"

ዋሽታ አይደለም። ሰው እንደዚያ ሲደክም የገዛ ስሙም ይጠፋዋል። መስታወቱ ጠረጴዛው ላይ ነበር፤ ማግኔቱም እንደ ልማዷ ከላዩ ዝቅ ብሎ። ሥራ ስታቆም ክሮቹ መስታወቱ ላይ ተኝተው እንዳይጣበቁ፣ ሁልጊዜ በማግኔቱ ትንሽ ወጥራቸው ነው የምትሄደው።

ሞጣ ተቀበሩ። እንደቃላቸው፣ ከአባቶቻቸው ደብር። ኸይራት አብራት ነበረች። ኸይራት ከስርጉት ጋር ፊዚክስ የተማረች፣ አሁን ሞጣ የምታስተምር፣ የነጋዴ ልጅ ናት። ሙስሊም ብትሆንም ቀብሩን እስከ ደጀ ሰላሙ ድረስ ሸኝታለች። "አላህ ያጽናሽ፣ እህቴ" ብላ አቅፋ አለቀሰችላት።

ስርጉት ወደ ቢቸና ተመለሰች። በማግስቱ መንገዱ ተዘጋ። የዘንድሮን መንገድ ነገር ታውቁታላችሁ፣ አልተርክላችሁም።

ለቀስተኛው ሲያልቅ፣ ድንኳኑ ሲፈርስ፣ ከሰዓት በኋላ ብቻዋን ተቀመጠች። ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ነው። ዓይኗ ጠረጴዛው ላይ አረፈ።

"ውይ... እማዬ" አለች።

ያን ጊዜ ነው ትዝ ያላት።

ልትጥለው አልቻለችም። ለመጨረሻ ጊዜ ልየው ብላ ማይክሮስኮፑን ተጠጋች። ማግኔቱን አነሳችና ራቅ አድርጋ መስኮቱ ላይ አኖረችው። የሚስባቸው ሲነሳ ኳሶቹ መላላት አለባቸው። ላልተው መርገብገብ...

አልላሉም።

ሁሉም ወደ አንድ ጎን አዘንብለዋል። ነፋስ እንዳጎነበሰው ጤፍ።

ውሃው ፈስሶ ይሆናል አለች። አልፈሰሰም። መስታወቱን አዞረችው።

ኳሶቹ ቀስ ብለው ዞሩና... ወደዚያው ወደ ቀድሞው አቅጣጫ አዘነበሉ።

ጠረጴዛውን እንዳለ አዞረችው። ያው ነው።

ቀና ብላ አቅጣጫውን በዓይኗ ተከተለች። መስኮቱ፣ ከዚያ የጎረቤት ጣሪያ፣ ከዚያ ወደ ደብረ ወርቅ የሚያወጣው መንገድ። ከደብረ ወርቅ ወዲያ ያለውን የቢቸና ልጅ ሁሉ ያውቀዋል። ሞጣ ነው።

ኸይራት ጋ ደወለች።

"ሞተሩን ጨመርሽበት እንዴ?" አለች ኸይራት።

"ሞተር የለኝም። ተበላሽቷል እኮ።"

"ማግኔቱስ?"

"አንስቼዋለሁ።"

"ታዲያ ማነው የሚስበው?"

ስርጉት መስኮቱ ላይ ያኖረችውን ማግኔት ዞር ብላ አየች።

"የሌላ ሰው ደም ሞክሪ" አለች ኸይራት። "ያ ጎረቤትሽ የላብራቶሪው ሰውዬ... የእሱን ውሰጂ። የሱም ካዘነበለ የመሣሪያው ጣጣ ነው።"

በማግስቱ ክሊኒክ መጣች። ፊቷ አመድ መስሏል። "ጋሼ፣ ደም ስጠኝ" አለችኝ። ዓይኗን ሳይ ለምን ብዬም አልጠየቅኋት። ወስዳ እንደዚያው ሠራችው፣ እንደዚያው ኳስ አሰረችበት። ከዚያ ጠራችኝና ሁለቱንም አሳየችኝ።

የእኔ ኳሶች እንደልባቸው ይርገበገባሉ። ወደዚህም ወደዚያም።

የእትዬ ይርጋነሽ... ወደ ሞጣ።

"ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ሲሉ ሰምቼ ነበር" አልኩ። ላስቃት ነው። ድምፄ ግን እኔንም አላሳመነኝም።

"ጋሼ፣ ይሄንን አየኸው?" አለችኝ በሹክሹክታ። "ከትናንት ይልቅ ዛሬ ጸጥ ብለዋል።"

ስልኳን አወጣች። የትናንቱን ቪዲዮ አሳየችኝ፣ ቀጥላ የዛሬውን። እውነቷን ነው። ትናንት እያዘነበሉም ቢሆን ይንቀጠቀጡ ነበር። ዛሬ የሚንቀጠቀጡት በጥቂቱ ነው።

በሳልስቱ ደግሞ ባሰ። ከዚያ ወዲያ ነጋ መሸ፣ ኳሶቹ እየረጉ ሄዱ። ስርጉት ቁጭ ብላ ትለካለች። ምግብ አትበላም። ጉልበቱ በየቀኑ እየጨመረ ነው።

ለኸይራት ነገረቻት። ስልኩ የተቋረጠ መስሏት ስርጉት "ሃሎ? ሃሎ?" አለች።

"አለሁ" አለች ኸይራት። ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ነው። "ስርጉት... ማግኔት የሚበረታው መቼ ነው?"

"ሲቀርብ።"

"እኔ ጉልበቱ የጨመረ አይመስለኝም።"

"ኸይራት፣ ተይ..."

"የሚስበው ነገር ነው የቀረበው።"

ኸይራት ትምህርት ቤት ስትሄድ በደብሩ አጥር ሥር ነው የምታልፈው። ስርጉት መቃብሩን እንድታይላት ለመነቻት። በማግስቱ ረፋድ ላይ ኸይራት ደወለች።

"ደህና ነው። ማንም አልነካውም።"

"እርግጠኛ ነሽ?"

"ድንጋዩም አበባውም እንዳለ ነው። አፈሩ ብቻ... ትንሽ ሰርጎድ ብሏል። ዝናብ ይሆናል።"

"በየካቲት?"

ኸይራት የዝናቡን ነገር ተወችው።

"ወላሂ ስርጉት፣ ቶሎ አምጪው" አለች በመጨረሻ። "አምጪውና ከጎናቸው እንቅበረው። ማረፍ ነበር የለመኑሽ።"

ስርጉት መስታወቱን በጥጥ ጠቅልላ፣ በቦርሳዋ ይዛ መናኸሪያ ሄደች። ወደ ሞጣ የሚሄድ መኪና የለም። በማግስቱም ሄደች። የለም። አንዱ ረዳት፣ "እትዬ፣ ነገ ተመለሽ እያልን እኛም ሰለቸን፤ ሲከፈት ትሰሚያለሽ" አላት። በእግር እንዳትሄድ ያየናትም ሁሉ ከለከልናት።

መንገዱ የተዘጋው ለእኛ ነው። ለእትዬ ይርጋነሽ አልተዘጋም።

አንድ ቀን ከሥራ ስመለስ በራፏ ላይ ተቀምጣ አገኘኋት። ዓይኗ ወደ ደብረ ወርቅ መንገድ ነው።

"ጉንደ ወይን አልፋለች" አለችኝ።

"ማን?"

አላየችኝም። "በእግሯ ነው የምትመጣው፣ ጋሼ። ፍጥነቱን ለካሁት። ቀስ ብላ... እያረፈች... የታመመ ሰው አካሄድ ነው።"

"ስሚ" አልኳት፣ "ክሊኒክ በረኪና አለ። በረኪና ይህን ክር እንደሚበጥሰው ከእኔ ይልቅ አንቺ ታውቂዋለሽ። ዛሬውኑ አፍስሽበትና ይብቃ። እሳቸውም ይረፉ፣ አንቺም እረፊ።"

"እሺ" አለች።

አላፈሰሰችም።

በማግስቱም እሺ አለችኝ። አላፈሰሰችም። ኸይራት እየደወለች ጮኸችባት፤ ለእሷም እሺ አለቻት። መጨረሻ ላይ ተቆጣሁ። "ምን እየጠበቅሽ ነው?" አልኳት።

"ናፈቀችኝ" አለች። እንባዋ ዱብ ዱብ አለ። "በሕይወት እያለች እኔ ደክሞኝ በደንብ እንኳን አላየኋትም። ማጠብ ነው፣ ማገላበጥ ነው... ፊቷን ቁጭ ብዬ አላየሁትም፣ ጋሼ። እየመጣች እንደሆነ እያወቅሁ እንዴት ልበጥስባት?"

ያን ቀን ስለ በረኪናው ደግሜ አላነሳሁባትም፤ ወደ ቤቴ ሄድኩ።

የመጨረሻው ቀን ቅድም ያልኳችሁ ነው። ዘጠኝ ሰዓት። ደወለችልኝ። ቃል በቃል ያለችኝ ይህን ነው፤ "ጋሼ፣ በረኪናውን ይዘህ ና። እህል በረንዳው ጋ ደርሳለች።"

እየሮጥኩ ሄድኩ። በእህል በረንዳው ነው ያለፍኩት፣ ሌላ መንገድ የለም። ሰው ጤፍ ይሰፍራል፣ አህያ ይጫናል። ምንም አላየሁም።

በሩ ክፍት ነው። ስርጉት ማይክሮስኮፑ ላይ አጎንብሳለች። አንድ ዓይኗ መነጽሩ ላይ ነው፤ ቀና አላለችም።

"ስርጉት..."

"እሽሽ።"

"ይኸው አመጣሁት።"

"ከበሩ ፈቀቅ በል" አለች በሹክሹክታ።

"ለምን?"

"ፈቀቅ በልላት።"

እግሬ በራሱ ፈቀቅ አለ። ውጭ ነፋስ የለም። መጋረጃውም አልተነቃነቀም። ግን ቤቱ ውስጥ... እንዴት ልበላችሁ... የታጠበ በሽተኛ ሽታ፣ የእትዬ ይርጋነሽ ገላ ሳሙና ሸተተኝ። ከሞቱ ወር አልፏቸዋል።

"ኳሶቹ እየዞሩ ነው" አለች ስርጉት።

"ወዴት?"

"በሩ ጋ ነበሩ... አሁን ግድግዳው ጋ... ልብሷ የሚሰቀልበት ጋ።"

"ስርጉት፣ አፍስሺው!"

"አልጋው ጋ... ቆመች።"

አልጋው ባዶ ነው። እኔ እያየሁት ነው። ፍራሹ ተጠቅልሎ ተነስቷል፣ ሽቦው ብቻ ነው የቀረው።

"መኝታዬን አነሱብኝ ብላ ይሆን?" አለች ስርጉት። እንደ ልጅ ነበር ድምፅዋ።

"በእግዜር ስም አፍስሺው!"

"አሁን ደግሞ... ጋሼ..."

"ምን?"

"ወደ ጎን አይደሉም።" አለች። "ወደ ላይ ናቸው። ወደ እኔ። ክሮቹ ሊበጠሱ ነው..."

ማን እንደሆነ ለመገመት ማሰብ አያስፈልግም። አንድ ሰው ልጁ የምትሠራውን ለማየት ከላይዋ ሲያጎነብስ ከላይ ነው የሚሆነው። እኔ የማየው ግን የስርጉትን ጀርባ ብቻ ነው።

"እማዬ..." አለች። "ደከመሽ?"

ከዚያ እጇን ዘረጋችልኝ። በረኪናውን በመርፌ ስቤ ሰጠኋት። ዓይኗን ከመነጽሩ ሳታነሳ፣ በመርፌው መስታወቱ ውስጥ ገፋችው።

ከዚያ አንድ በአንድ፣ "ተበጠሰ... ተበጠሰ... ይሄም..." ትል ጀመር። ኳሶቹ ተለቀቁ። እኔንም ጠርታ አሳየችኝ። እንደ ማንኛውም ኳስ እየተርገበገቡ፣ ወደየትም ሳያዘነብሉ፣ ውሃው ውስጥ ይንሳፈፋሉ። የሚስባቸው የለም።

"አለቀ" አልኩ። በርጩማው ላይ ዘፍ አልኩ። "እግዜር ይመስገን። አረፉ።"

ስርጉትም ረጅም ትንፋሽ ተነፈሰች። ፈገግ ልትል ምንም አልቀራትም።

ከዚያ ፊቷ ተለወጠ።

"ጋሼ" አለች። "ክሩን የበጠስኩት ሞጣ እያለች አይደለም።"

"እና?"

"እዚህ ሆና ነው የበጠስኩት።"

ወዲያው አልገባኝም ነበር። እሷ ግን ቀስ ብላ ቤቱን ዞራ ታይ ጀመር። በሩን። ግድግዳውን። የአልጋውን ሽቦ። እኔ የተቀመጥኩበትን በርጩማ።

"በምን ትመለሳለች?" አለችኝ። "ያመጣት ክር እኮ ያ ብቻ ነበር።"

"እሳቸው አሁን... የት..."

"እኔ እንጃ" አለች። "ከእንግዲህ የሚያሳየን የለም።"

ከበርጩማው ተነሳሁ።

መንገዱ በኋላ ተከፈተ። ኸይራት መጥታ ሞጣ ይዛት ልትሄድ ለመነቻት፣ እምቢ አለች። ትምህርቷንም ተወችው። ቤቱን አልለቀቀችም። ማይክሮስኮፑን መልሳልኛለች፣ አሁንም ክሊኒክ ቁም ሳጥን ውስጥ አለ።

ባለፈው ሳምንት ራሷን አሟት ክሊኒክ መጣች። ቀን ነው፣ ተረኛ በሽተኛም አልነበረም። መጠበቂያው ላይ ያሉት ወንበሮች ባዶ ናቸው።

"ተቀመጪ" አልኳት።

ወደ መጀመሪያው ወንበር ሄደች። ከመቀመጧ በፊት እጇን ወደ መቀመጫው ዘረጋች፣ አቧራ እንደሚጠርግ ሰው።

እጇ መቀመጫው ላይ ሳይደርስ አየር ላይ ቆመ።

"ይቅርታ፣ እማዬ" አለች ቀስ ብላ... ሄዳም ሌላው ወንበር ላይ ተቀመጠች።